ውል

የካልሲ ፋብሪካው የተዘጋ ለታ
አርባ አንድ ዓመቴ፣ ስሜ ደግሞ ኔስታ።
ጌታዬ፣ ዕድሜዬን ክር ስፈታ ኖሬ
ውሉ የጠፋበት ሆነብኝ አዳሬ።

አባቴ ኢድዋል፣ በዌልስ ተራራ ድንጋይ እየፈለጠ፣
ያገሩን ቤት ሁሉ ጣራ አለበሰ፤
የፈለጠው ድንጋይ፣ ትቢያው ተመልሶ፣
ሳንባው ላይ ጣራውን ሠርቶ ጨረሰ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ታየው የነበረች ነርስ
ጡረታዋን ወጣች፤ ምትክ ጠፋላት።
ስደውል "ተራ ነው"፤ ስደውል "ተራ ነው"።
የኦክስጅኑን ቱቦ እኔው ቀየርኩለት
ክር መቋጠር በለመደው ጣት።

ፌርማታው መስታወት ላይ ነበር ወረቀቱ፣
ዝናብ የላሰው፣ የተንሻፈፈ፦
"ለነርስነት ትምህርት ከፋዩ መንግሥት ነው።
ለመንገድ፣ ለቀለብ፣ ለልጅ ማዋያ አለ።
ስትመረቁ ግን ሁለት ዓመት እዚሁ።"
"እዚሁ" የምትለው ደምቃ የተጻፈች።

ልጄ ቤድዊር ሳቀ። "እማ፣ እንዳትፈርሚ፤
አውስትራሊያ እጥፍ ነው፣ ፀሐይዋም በነጻ።"
አባቴ ሳለ። ሳሉ ረጅም ነው፤ ጠበቅነው፤ ጨረሰ፦
"እኔን ድንጋይ ቤቱ ሲቀጥረኝ የዛኔ
መቼ እንደሚለቀኝ አልጻፈም ነበር።"
ብዕሩን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ። ፈረምኩ።

ገንዘቡ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም አይቀርም።
የአውቶቡስ ደረሰኝ፣ በብስኩት ቆርቆሮ አጠራቅሜ፣
ሃምሳ ሁለት ብልክ አንዱን መለሳችሁ፦
"ቀለሙ ደብዝዟል፣ ቀኑ አይነበብም።"
ጌታዬ፣ በእኛ ሰፈር ዝናብም ይፈርማል።

ከልጄ እኩዮች ጋር፣ የላስቲክ ክንድ ላይ
ደም ሥር ስፈልግ፣ ስስት፣ ስፈልግ፣
መርፌ መውጋት በለመድኩ በሳምንቱ
አባቴን ቀበርን።
ለሐዘን ፈቃድም ቅጽ አላችሁ፤ ሞላሁት።

ሁለቱ ዓመት ያለቀው ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት፣
የአሮጊቷን የዲሊስን እግር ስጠቀልል፣
የፋሻው ጫፍ ጠፍቶኝ። "ቆይ" አልኳት፣ "ውሉን ላግኘው።"
ዳበስኩ፤ ተገኘልኝ፤ ጎትቼ ቋጠርኩት።
ቀና ብል፣ እኩለ ሌሊትን አልፏል ሩብ ሰዓት።
ለካስ ሩብ ሰዓት ሙሉ ነጻ ሆኜ ነበር!
ማን ልብ ብሎት? እጄ ሥራ ይዟል።

"ግዴታዎን ተወጥተዋል" የሚለው ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል።
ከሚንገዳገደው ጠረጴዛዬ እግር ሥር
ልኩ ሆኖ ገባ።
ቤድዊር ከፐርዝ ይደውላል፤ "መቼ ነው?" ይለኛል፤
እኔ ስለ ዝናቡ አወራለታለሁ።

ጎናችን ያለው ክፍል ግን ዛሬም ቁልፍ ነው፤
አምስት አልጋ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ነርስ ይጠብቃል።
እኔን አስተማራችሁኝ፤ ተመስገን፤
አንድ ክር ብቻውን ግን ካልሲ አይወጣውም።
ማስታወቂያውን መልሳችሁ ለጥፉት፤
ዘንድሮ ግን፣ አደራ፣
ዝናብ የማያጥበው ቀለም ይሁን።