መስከረም ሳይጠባ

እኛማ እንላለን፦ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤
እሱ ግን፣ ጉድጓድ ሳይመጠጥ ውርጭ አይገባም
ይላል፣ ቶርስተን፣ በስሞላንድ ሰማንያ ብርድ የቆጠረ፣
የሲሚንቶውን ክዳን በከዘራው እየቆረቆረ።

«አሁን ደውል ለመኪናው፣ አፈሩ ለስላሳ ሳለ፤
ጥር ክዳኑን ነክሶ ከያዘ፣ መዶሻም እምቢ አለ።
በሚያዝያም አትመጥጥ፣ በረዶ ቀልጦ ምድር ስትርስ፤
ባዶ ጋን ጀልባ ይሆናል፣ ተነሥቶ ሣርህን ሲያፈርስ።»

አምና ሰማሁት፣ ዝም አልኩ፤ ትርንጎም ሰማች፣ ዝም አለች፤
ያቺ ሁለት ሺህ ክሮና ለሁለታችንም መራር ነበረች።

የጥምቀት ለት ማለዳ፣ ከሻወሩ ወለል
ያልተባረከ ውሃ መጣ፣ ጥቁር፣ ሲግተለተል።
ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት፤ እሷ ባትሪ፣ እኔ ዲጂኖ ይዘን
ክዳኑ ላይ የፈላ ውሃ እያፈሰስን፣ የሦስት ዓመቱን ተባባልን።
ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። ቶርስተን ከመስኮቱ
መብራቱን አጠፋ፤ ቋንቋችን ባይገባው፣ ገባው ጩኸቱ።

ዛሬ መስከረም አንድ ነው። አደይ የለም በዚህ ደጃፍ፤
ቢጫ መኪና መጣ እንጂ፣ ቱቦውን ጎትቶ ከመንገድ ጫፍ።
ትርንጎ ሂሳቡን ከፈለች፣ ሳትጠየቅ።
«ሌላስ የቀረ አለ?» አለችኝ፣
ክዳኑ ገና ሳይጠብቅ።