የሰኞ ጣቢያ

ኤምሪስ የዌልሱ፣ የባቡር በረኛ፣
ለደቂቃ አገልጋይ፣ ለሰዓት ምርኮኛ፣
ቀይ መብራት ሲያበራ፣ አረንጓዴ ሲያጠፋ፣
በሰው መሄድ መምጣት አርባ ዓመት ሲለፋ፣
ጡረታ በወጣ ባመቱ፣ በግንቦት፣
የመሸኛ ሰዓቱን መሳቢያ ቆልፎበት፣
የጓሮውን መሬት ሐዲድ ዘረጋበት።

ወርዱ ሦስት ጣት ነው፤ ጎመኑን ይዞራል፣
ዶሮ ቤቱን ታኮ ድልድይ ይሻገራል።
ድልድዩ ጥቁር ነው፤ አባቱ ያወጣው፣
ከተራራው ሆድ ዕቃ ፈልጦ ያመጣው
የጣሪያ ድንጋይ።

ባቡሩ ግን ሌላ፦
ሞተሩ ድምፁ ከተዘጋ ካሴት ማጫወቻ፣
ጣሪያው ላይ ስድስት የፀሐይ ሰሌዳ፣
የክብሪት ቀፎ ታህላለች አንዷ።
የመጀመሪያው ናስ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም።
ፋቀው፣ ቀዳደደው፤ አሁንም አላለም።
«የዚህ አገር ፀሐይ» አላት መረሪድን፣
«ጉልበቷ የሕፃን ነው፣ ሸክም አይሆንላትም።»
ናሱን ትቶ በሰርዲን ቆርቆሮ ሠራው፤
የወጥ ቤቷን መቀስ፣ ሳይነግራት፣ አዶለዶመው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ደመናው ሲገለጥ፣
ትንሿ ቆርቆሮ ጀመረች መቅበጥበጥ፣
ክ... ክክ... አለች። ሄደች።
ኤምሪስ ባርኔጣውን አወለቀ።

ጎረቤቱ ጌቲን ባጥሩ ላይ አንገቱን አሻግሮ
«በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጭጋግ፣ የፀሐይ ባቡር?
ባትሪ አትገጥምለትም?» ብሎ ሳቀ።
«አርባ ዓመት ሰዓት ነዳኝ» አለ ኤምሪስ፤
«የቀረኝን ደመና ይንዳኝ።»
በድንጋይ ሰሌዳም ላይ በነጭ ቀለም ጻፈ፦
መነሻ፣ ፀሐይ ስትወጣ፤
መድረሻ፣ ደመና ካለፈ።

ሰኞ የመረሪድ ነው። ሰኞ አንሶላ ይታጠባል፣
ገመዱ ከሐዲዱ በላይ ከግንብ ግንብ ይሳባል።
መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ፣ ነጩን አንሶላ ሰቅላ፣
ቤት ገባች፤
ጥላውን ሐዲድ ላይ ጥላ።
ባቡሩ መጣ። ጥላው ሥር ሲደርስ ደከመው፣
ሁለቴ ተንፈራግጦ ቆመ።
«እኔ ነኝ?» አለች በመስኮት። «ላንሣው?»
«ተይው። ጣቢያ ነው።»

በዚያው ሳምንት ሠራላት፦
አውራ ጣት የምታህል አግዳሚ፣
ቅርጫት ያቀፈች አንዲት የሽቦ ሴት፣
የጣውላ ቁራጭ ላይም ስም፣ «ሰኞ»።
ከዚያ ወዲያ ባቡሩ በሳምንት አንዴ፣
ነፋስ አንሶላውን እስኪገልጥለት
እዚያ ይቆማል። ሴትዮዋ አትሳፈርም። አይከፋትም።

በየካቲት በረዶ ላይ ወድቃ የመረሪድ ትከሻ ወጣ፤
ከካርዲፍ፣ ከልጃቸው ከኔሪስ፣ ማድረቂያ ማሽን መጣ፦
ግዙፍ፣ ሲሠራ ቤቱን የሚያንዘፈዝፍ፣
ሰማይ ጠቆረም አልጠቆረ የማያርፍ።
ገመዱን ድንቢጦች ወረሱት።

ግንቦት። ሰኞ። እንዲህ ጠርቶ አያውቅም።
ባቡሩ ዞረ፤ ዞረ፤ ጎመን፣ ዶሮ ቤት፣ ድልድይ፤
የሽቦዋን ሴት እንደማያውቃት አለፋት።
ኤምሪስ ቆጠረ፣ አሥራ አንድ ጊዜ።
(የቁጥር ሰው ነው፤ አመሉ አይለቀው።)
አርባ ዓመት የተመኘው ይህን ነበር፦
ሳይቆም፣ ሳይዘገይ የሚሄድ ባቡር።
አሁን ሲያየው አንጀቱን በላው።

ከቁም ሣጥን የተተኰሰ አንሶላ አውጥቶ
ባልዲ ውስጥ ነከረው፤ ሳይጨምቀው ይዞት ወጣ።
መቆንጠጫ በጥርሱ፣ እንደሷ፣ ሞከረ፤ አንዱ ወደቀበት።
ውሃው ጫማውን አራሰው።
መረሪድ በመስኮት፣ ክንዷ በሻሽ እንደታዘለ፦
«ምነው ሰውዬ፣ የታጠበ ታጥባለህ?»
ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ከጎመኑ ጀርባ ቆርቆሮዋ ብቅ አለች፣
ድልድዩን ረገጠች፣
ጥላው ጫፍ ላይ አዘገመች፣
ክ... ክክ...
ከሽቦዋ ሴት ጥቂት አለፍ ብላ ቆመች።

«አለፋት እኮ!» አለች መረሪድ፣ መስኮቱን በደህና እጇ ገፍታ።
«አንድ ጣት አለፋት። ወደ ግራ ሳበው።»
ሳበው።
ፀሐይ ጣሪያዋን ነካች፤ ቆርቆሮዋ ተነሣች፤
ቀጣዩን ዙር ጠበቁ፣ እሱ ከታች፣ እሷ ከላይ።
ከተራራው በኩል ደመና እየመጣ ነበር።
ሰዓት ያየ የለም።