እስከ ሌላ ትእዛዝ

ጦሳን ፊት ለፊት ያያል፣ የመዝገብ ቤት መስኮት፤
ማለዳ ጉም ዘው ይላል፣ ጠያቂ የለበት።
የሚሊሻው ፋይል ከእኔ እጅ ነው ያለው፤
ስም ከነአያቱ፣ ቀበሌ፣ የጠመንጃው ቁጥር፣ ጎረቤት ዋስ የሆነው፣
የተቀበለው ጥይት፣ ሠላሳም ይሁን ስልሳ፣
የአውራ ጣቱ አሻራ፣ ቀለሙ የሳሳ።

አስተዳዳሪ ሲነሣ፣ የበሩ ላይ ስሙ ይነቀላል፣
የምስማሩ ቀዳዳ ይቀራል።
ስድስት ስም አሳልፏል በሩ፣ እኔ ካወቅሁት ወዲህ፤
እንጨቱ ወንፊት መስሏል እንዲህ።

ሐሙስ ዕለት ሙሄ መጣ፣ ሙሄ አራጋው፣
ከሐረጎ ግርጌ፣ ከቦርከና ድልድይ፣ ጭቃ እስከ ባቱ የተጋገረው።
ጠመንጃውን በር ላይ ለዘበኛ ሰጥቶ፣
የለመደው ክብደት ቢጎድልበት ጊዜ፣ በአንድ ትከሻው አዘንብሎ ገብቶ፣
«ሰዓዳ» አለኝ፣ «ወረቀት አለ ወይ የእኔ?
ጤፌ ማሳ ላይ ረገፈ፣ አጫጅ የለኝ ከጎኔ።
ለአሥራ አምስት ቀን ብለው ነው ድልድይ ያስጠበቁኝ፤
አሥራ አንድ ወር ሞላኝ። ውረድም አላሉ፣ ሰውም አልተኩልኝ።»

ፋይሉን አወጣሁ። ወይቧል ጠርዙ።
ክብ ማኅተም፣ ሰማያዊ፤ ፊርማው የሐረጎን መንገድ ይመስላል መጠማዘዙ።
«ስማችሁ የተጠቀሰ የሚሊሻ አባላት
በተመደባችሁበት
እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ እንድትቆዩ» ይላል፤
ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ባዶ ነው፣ እስከ ታች ነጥቷል።

«ያዘዙኝ ሰውዬ?»
        «ተነሥተዋል፣ ጋሽ ሙሄ።»
«ሞቱ እንዴ?»
        «ተዛውረው ነው።»
                «ቃላቸውስ፣ አብሮ ተዛወረ?»
ዝም አልኩ። ቃላቸው ከእኔ ዘንድ ነው፤ በክላሰር ቀለበት ተበስቶ፣ እንደታሰረ።

«አባቴ ነጭ ለባሽ ነበር። ምስለኔው በአፉ ይጠራዋል፣
በአፉ ያሰናብተዋል።
ታላቅ ወንድሜ አብዮት ጠባቂ ሆነ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር
ፊሽካ ነበረው፤ አንዴ ለመሰብሰብ፣ ሁለቴ ለመበተን፤ ሁሉም ይገባው ነበር።
የእኔ ትእዛዝ ግን መጨረሻው የት ነው? መሣሪያው የራሴ ነው፣
በሬ ሽጬ የገዛሁት። ጥይቱ የመንግሥት ነው።
ጣቴስ?» አለኝ፣ ጣቱን እንደ ሰው ዕቃ እያየው።

ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቤትዎ እንዲመለሱ።»
ፎቁን ወጣሁ። አዲሱ አስተዳዳሪ፣ አቶ ልዑልሰገድ፣
ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ብዕር ከኪስ ሳያወጡ፣ እንደሚያነቡ የሰው ጉድ።
«ይህን ሰው እኔ አላሰማራሁትም። ያላሰማራሁትን እንዴት ልመልስ?
ዛሬ አንሥቼው፣ ነገ ድልድዩ ላይ ደም ቢፈስ?»
«እንግዲያው ይቆይ ብለው ይጻፉለት» አልኳቸው።
«ከጻፍኩማ የእኔ ሆነ» አሉኝ፤ ፈገግታቸው ደከማቸው።
ደብዳቤዬን ከብርጭቆው ሥር አኖሩት፤ ማኅተሙን ቆለፉ፣
ቁልፉን ኪሳቸው ከተው፣ ለስብሰባ ወጡ፣ በአጠገቤ አለፉ።

ታች ስወርድ ሙሄ የለም።
«ተረኛ ነኝ ብሎ ሄደ» አለኝ ዘበኛው።

ማታ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎን ስንወርድ በሚኒባስ፣
ፍሬኑ ይሸታል፤ ሰው ጨዋታውን ይተዋል ድልድዩ ጋ ሲደርስ።
መንገዱን አቋርጦ ገመድ ተወጥሯል።
ባትሪ በራ። «መታወቂያ!» ይላል።
የመሥሪያ ቤቱን ሰጠሁት። ፊቴን አይደለም፤ ማኅተሙን አየ፣
አውራ ጣቱን አሳረፈበት፣ ቆየ።
ያው ክቡ፣ ያው ሰማያዊው። ምንም አልጠየቀኝም።
እኔም አልነገርኩትም።

ገመዱን ወደ መሬት ለቀቀልን፤ ጎማው ረግጦት አለፈ።
ዞር ብዬ አየሁ፤ ከአሸዋው ከረጢት ጥግ፣ የባትሪው ብርሃን ለአንድ አፍታ አረፈ፤
ጎመን አብቅሏል፣ በቦርከና ውሃ፣ በሁለት መደብ፤
አንዱ ለመቀንጠስ ደርሷል፤ ሌላው ገና ነው፣ በቅርብ
የተዘራ።