ቁም ነገር

የኢንሹራንሱ ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤
«የውበት ጉዳይ ስለሆነ አንከፍልም» የሚለው።
እግሬን ከውበት ጋር ያነሣ
የመጀመሪያው ወረቀት፤ ሳቅሁ፣ ንዴቴን እስክረሳ።

አሥራ ስድስት ዓመት፣ ካልጋሪ ኤርፖርት፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገብቼ፣
ቀበቶ አስፈትቼ፣ ላፕቶፕ አስወጥቼ፣
የሰው ሻንጣ በጨረር ሆድ ዕቃውን አይቼ፣
ያ ሁሉ መቆም፣ ያ ሁሉ ቀን፣
«ቁም ነገር አይደለም» ተባልን
እኔና እግሬ።

መጀመሪያ አንድ ክር ነበር፣ ከጉልበቴ በታች፣ ወይን ጠጅ፣
የልጅ እስክሪብቶ የጫረው፤
ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ማን ይቁጠረው።
ልጄ ኖላዊት ሶፋ ላይ ሆና «እማ፣ ካርታ ሆነሻል» አለች፤
«የየት አገር?» ብላት፣ ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤
እኔ አንበሳ አይደለሁ፤ ማንን ሊያስሩ ያብራሉ?
ያሰሩት ጉርድ ቀሚሶቼን ነው፣
ቁም ሳጥን ውስጥ እንደ እኔ ቆመው
የከረሙትን።

ክሊኒኩ ማክሊዮድ ትሬል ላይ ነው፣ ከጎማ ቤቱ በላይ ፎቅ፤
ባለሙያዋ ማሪቴስ ትባላለች፤ ጓንቷ ሰማያዊ፣ ድምፅዋ ዝቅ።
በጥር ቀጠሩኝ፣ በበረዶው፣
ፀሐይ ባዶ እግር በማያገኝበት ወር ይሻላል ብለው።

እዚያ ትእዛዙ ተገለበጠ።
«ጫማሽን አውልቂ። ካልሲሽንም። ተኚ። እንዳትንቀሳቀሺ።»
ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ያደልሁት ቃል ዞሮ እኔው ላይ ተቀመጠ።
ጥቁር መነጽር አጠለቀችልኝ፤
ጄሉ እንደ እንቁራሪት ሆድ ቀዘቀዘኝ።

ከዚያ ግን እጇ ዘገየ።
ማሽኑ ላይ ቁጥር ስትቀንስ ድምፁን ጆሮዬ ለየ።
«ልንገርሽ» አለች፤ «ይህ ብርሃን
ጥቁረት ፈላጊ ነው፤ በቀለሙ ነው የሚያገኘው ደሙን።
የቆዳሽን ቀለም ከደምሽ ቀለም ለይቶ አያውቅም።
ረዥሙን ጨረር፣ በትንሹ፣ አንድ ጥግ ላይ እንሞክር፤
ስድስት ሳምንት እንይ። ካልሆነ አንነካውም።»

ብዙ ብርሃን አውቃለሁ፣
ጥቁር አይቶ መንገድ ዳር የሚያስቆም፣
ቀይና ሰማያዊ፣ በሌሊት፣ ከሥራ ስመለስ።
«ለይቼ አላውቅም» ብሎ
አስቀድሞ የነገረኝ ግን
እስከዚያች ቀን አልነበረም።

ጣ! የላስቲክ ማሰሪያ ቆዳ ላይ ሲለቀቅ።
ጣ! ደግሞ። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ብልጭ፣ ጥፍት።
የእግር እሳት ሲሉ አባባል ይመስለኝ ነበር፤
ቦታውን አሳየችኝ፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ፣ የሳንቲም ያህል ዳር።
ሦስት መቶ አርባ ዶላር።
የመቆሜን ዕዳ ልከፍል
ሁለት ሌሊት ተጨማሪ ቆሜ።

ጠባቡን ካልሲ ከዩኒፎርሜ ሥር ለበስሁ፣
በየማታው በመብራት ሥር ያችን ሳንቲም አየሁ፤
ክሩ ደብዝዟል፣ አልጠፋም፤
ቆዳዬ ግን መልኩን አልጣለም።
«እንቀጥል?» ትላለች ማሪቴስ በስልክ፤
«እደውላለሁ» እላለሁ፤ እስካሁን አልደወልሁም።

ዓርብ ጧት ማሽኑ ጮኸ፣ አንዲት ባልቴት እግር ላይ፤
የብረት ጉልበት አላት። ጎንበስ ብዬ ልፈትሽ ስል
ሱሪዋን ራሷ ሰበሰበች፣ እስከ ላይ።
ድሩ ከኔ ይበልጣል፤ ሰማያዊው ከሐምራዊው ተጠላልፎ፣
ቦታ አጥቶ ወደ ተረከዟ አልፎ።
«ዳቦ ቤት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።
መልስ አልነበረኝም። ካሜራው እያየኝ
የግራ ሱሪዬን ትንሽ፣ ካልሲውንም ዝቅ አድርጌ፣
አሳየኋት።

ቀና ብላ ሳቀች፤ አንድ ጥርስ የላትም።
ከኋላዋ የቆመ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።
ማንም አልተንቀሳቀሰም።
«ይለፉ» አልኋት፣
ቆየት ብዬ።