ከስኳድራ በታች

ዊኒፔግ፣ የካቲት፤ የማገገሚያው ፎቅ ላይ፣
በረዶ ባለበሰው መስኮት ወንዙም አይታይ።
አልጋ ቁጥር አሥራ አንድ፣ አቶ ላቀው ዳኜ፤
በቀኛቸው ማሪሴል፣ እኔ መሃል ሆኜ፣
ለእሷ የእሳቸውን፣ ለእሳቸው የሷን ልሰጥ፣
በሰዓት ተከፍዬ በመሃል ልቀመጥ።

የቤታቸው ደረጃ ላይ በረዶ ጥሏቸው፣
በብረት ተተክቶ የቀኝ ዳሌያቸው፣
አሁን መማር ነበር፤ እንዴት እንደሚነሱ፣
እንዴት እንደሚቀመጡ ብረቱን ሳይረሱ።

«ከዘጠና ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፉ፣
እግር አነባብረው እንዳያንቀላፉ»
አለች፣ ወረቀቱን በጣቷ እያሳየች፤
ፊት የሌላት ሴትዮ ወንበር ላይ ተስላለች።
«እርስዎ» ብዬ ሰጠሁ ሽበቱን አይቼ፣
እሷ ያላለችውን ከኪሴ አውጥቼ።
«እሺ» አሉ አቶ ላቀው። «እሺ» ብዬ አቀበልኩ።
«እሺ» ሦስተኛ ጊዜ። ምስጋናም ተቀበልኩ።

ገና በሩ እንኳን ሳይገጥም በወጉ፣
ከአልጋው ሥር አጎንብሰው ጫማ ሲፈልጉ፣
አየን። ማሪሴል ሮጠች። እኔ ቆምኩ ደርቄ፤
ቃሉን አድርሼ ነበር፣ ያውም ተጠንቅቄ።

ማታ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ያችን ቃል አሰብኳት፤
ለአባት፣ ለሹም፣ ለመምህር ስንሰጥ ያደግናት።
«እሺ» ገባኝ አይደለም፤ ሰማሁሽ ነው ብቻ፤
በር መዝጊያ ናት እንጂ አይደለች መፍቻ።
ስንቱን «እሺ» ተሸክሜ ከክፍል ክፍል አደረስኩ?
ስንቱንስ፣ ሳይገባው፣ ገብቶታል ብዬ ጨረስኩ?

በነጋታው ማሪሴል ወረቀት አልያዘችም፤
ወንበር ስባ ቀረበች፣ ከላያቸው አልቆመችም።
«ፈተናው የኔ ነው፣ የእርስዎ አይደለም፤
ካልገባዎት ጥፋቱ ከእኔ አያልፍም።
ለባለቤትዎ፣ ለወይዘሮ ስንዱ፣
ዛሬ ማታ ሲመጡ ምን ብለው ያስረዱ?»

ዝም። የማሞቂያው ቱቦ ብቻ ሲያንጎራጉር።
ዝም። ዝምታን መተርጎም ለኔም ብርቅ ነበር።
ከዚያ እጃቸው ተነሳ፤ አየር ላይ አሰመረ፤
ጣት ቆመ፣ ጣት ጋደመ፣ ማዕዘን ተፈጠረ።

«ዲግሪ ስትሉኝ እኮ የዩኒቨርሲቲ መሰለኝ፤
እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ፣ ዘጠናው ከየት ሊገኝ!
ስኳድራ አትሉኝም? ስኳድራማ አውቃለሁ፤
አርባ ዓመት በርና መስኮት በሱ ገጥሜያለሁ።
መቀመጫው ከፍ ይበል፣ ጉልበቴ ከዳሌዬ ዝቅ፤
ማጠፊያው አዲስ ነው፤ ከልኩ ካለፈ ብሎኑ ውልቅ!»

ሳቄ ቀደመኝና ትርጉሙ ዘገየ፤
ማሪሴል ፊት ላይ ጥያቄዋ ታየ።
ስነግራት ጻፈችው በራሷ ፊደላት፣
አራት ጊዜ ተሳስታ እስኪዋሃዳት።

ያን ጊዜ ነው አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
«ስግደትስ?» ያሉት። «ጾሙ ሰኞ ሊገባ ነው።»

ስግደትስ።
ያች ፊት አልባ ሴትዮ ካልሲ ታጠልቃለች፤
መኪና ትገባለች፤ ደረጃ ትወጣለች፤
ግንባሯን ግን ከመሬት ማንም አላስነካትም፤
ማንም፣ ሳያት፣ ጾም አለብሽ ወይ አላላትም።
ትናንት «እሺ» ያሉት ሰው ሰኞ ሊሰግዱ ነበር።

ማሪሴል አልሳቀችም። እንዴት እንደሚሰገድ
አሳዩኝ አላለችም፤ ንገሩኝ አለች እንጂ። ነገሯት፤
ጉልበት፣ መዳፍ፣ ግንባር። ስንት ጊዜ? አርባ፣ አንዳንዴም መቶ።
«መሬት ድረስ ገና ነው፤ መቼ እንደሚቻል
ቀዶ ሐኪሙን ጠይቄ ነገ እነግርዎታለሁ።
እስከዚያ ቆመው፣ አንገት ብቻ።»

«እሺ።»

አልተረጎምኳትም።
ማሪሴልም ትርጉም አልጠየቀችኝም። ጠበቅን።
የወንበሩን እጀታ ተደገፉ፤ ቀኝ እግር ቀደመ፤
ዎከሩን ጨበጡ፤ ወገባቸው ቀጥ ብሎ ቆመ።
ከዚያ አንገታቸው ብቻ ዝቅ አለ፣ ቀስ ብሎ፣
እንደ ቱምቢ ክር ላይ፣ መወዛወዙን ጥሎ።

የሥራ ሰዓቴን ስሞላ ቅጹ ላይ ቦታ አጣሁ፤
ለተናገርኩት ሳጥን አለው፣ ለጠበቅኩት የለውም።
በጠርዙ፣ በእርሳስ፣ አራት ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ።