ፏፏቴው የት ሄደ?

በስዋንሲ ዳገት ላይ ሠላሳ ሁለት ቤት ሣልኩ፤
ባሕሩን ቆራርሼ በየመስኮቱ ሰቀልኩ፤
ለብስክሌት መደርደሪያ፣ ለጃንጥላ መስቀያ፣
ለውሻ እንኳ ሰጠሁ የእግር መታጠቢያ።

ከማዘጋጃ ቤት ኤርሊስ ናት ያየችው፤
ቀይ እርሳሷን ይዛ ዞር ዞር አረገችው።
«የት ነው?» አለች ቀስ ብላ፣ «የሚጣለው የት ነው?
የሚበላበትን አየሁ፤ የተረፈው የት ነው?»

«ከደረጃው ሥር» አልኩ፤ «ቦታ መች ይጠፋል?
ቆሻሻ አይደለም ወይ? ጥግ ይዞ ያርፋል።»

አልተቆጣችም። ካፖርቷን ደረበች።
ወሰደችኝ አምና ወደ ተመረቀ ሕንፃ፤
ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ አንድ ጥግ የለም ነፃ።
የባሕር ወፎች ወርደው በነጭ ልብሳቸው፣
እንደ ሠርግ ታዳሚ ጥሪ የደረሳቸው፣
የሕፃን ዳይፐር፣ የዶሮ አጥንት ጎትተው፣
የጎረቤት ምስጢር አስፋልት ላይ ዘርግፈው።

አቶ ኢድዋል ወጡ፣ ከአራተኛው ፎቅ፣
ጠርሙስና ወረቀት ለይተው ጥንቅቅ፤
ምርኩዛቸው በብብት፣ ሁለት እጃቸው ሙሉ፤
«ይህን የት ላኑረው፣ ልጄ?» አሉ።
ኤርሊስ እኔን አየች።
እኔ ጫማዬን።

ከዚያ ባዶ በርሜል «ግፋ» ብላ ሰጠችኝ።
ገፋሁ። ጎማው ጠጠር ውስጥ ሲሰምጥ፣
በሩ ጠቦ ክርኔን ሲልጥ፣
ክዳኑ ተከፍቶ ዝናቡን ሲጠጣ፣
ወረቀት ላይ ንቄው የነበረ ስንዝር
ሁሉ፣ አንድ ባንድ፣ ሊከሰኝ መጣ።

ማታ ንድፌን ከፈትኩ። መግቢያው ላይ ፏፏቴ ነበረ፤
በእምነ በረድ የታጠረ፣
የኔ ኩራት። ሰረዝኩት።
በሱ ቦታ ክፍል፤ ለብርጭቆ፣ ለወረቀት፣
ለምግብ ትራፊ፣ ለቆርቆሮ፣
የሚታጠብ ወለል፣ አየርና መብራት፣
ኢድዋል ሳይጎነበሱ የሚደርሱበት እጀታ፣
መኪናው ሕፃን ሳያስደነግጥ የሚዞርበት ቦታ።
በየኩሽናውም፣ ከማጠቢያው በታች፣ ሦስት ቅርጫት።

አለቃዬ ትሬሃርን መነጽሩን አወለቀ።
«ፏፏቴው የት ሄደ?»
«ቆሻሻ ሆነ» አልኩት።
ለሦስት ቀን አላናገረኝም።

ሕንፃው አልቆ፣ ሰው ገብቶ፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ
ከአጥሩ ሥር ቆሜ፣ እንደ ሌባ ተደብቄ፣
አንድ ወፍ አየሁ፣ ጣሪያው ላይ ያረፈ።
አንገቱን አሰገገ፤ ግቢውን ቃኘ፤
ጠበቀ።
ምንም።
ቅር እያለው ተነሥቶ ወደ ታች ወረደ፤
እንደ አያቶቹ፣ ዓሣ ፍለጋ ሄደ።