መዶሻና ጆሮ

ባቡር ከጅቡቲ ሲገባ፣ ሌሊት ድሬ ስትተኛ፣
ፋኖስ ይዤ ከሆዱ ሥር የምገባ እኔ ነበርኩ፣ ብቸኛ።
እግሩን አንድ በአንድ በመዶሻ መታ፣
ጆሮ ጣል፣ ትንሽ ቆይታ።
ደህናው ይጮኻል ጥርት ብሎ፣ እንደ ደወል፤
የነቃው፣ እንደ ነቃ እንስራ፣ ታፍኖ ይቀራል።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ልጆች ያሳደግሁት በዚህች ድምፅ ነው።

አሁን ተራው የኔ ሆነ።
ዶክተር ሂንዲያ፣ የልጄ እኩያ፣ ከክንዴ አንድ ብልቃጥ ቀድታ
አንኳኳችኝ፤ በሳምንቱ ወረቀቷን ዘርግታ
"ስድስት ነጥብ ሁለት" አለች። "ካንሰር ነው አላልኩም።"
"አይደለምስ?"
"አይደለምም አላልኩም።
ፕሮስቴት ሲያረጅ ያብጣል፣ ሲቆጣም ቁጥሩ ይወጣል፤
ካንሰር ቢሆን እንኳ፣ ስንቱ ከባለቤቱ ጋር አርጅቶ
ስሙ ሳይጠራ አፈር ይገባል፣ ሰውዬው በሌላ ሞቶ።
አንዳንዱ ግን፣ አባባ..."
ዝም አለች። ማራገቢያው ብቻ ከላይ ይዞራል።

ያንን "አንዳንዱ" አውቀዋለሁ።
ሮብሌ ነው፤ የፍሬኑ ሰው፣ ባቡር በክንዱ የሚያቆም።
ወገቤን ሲል ከረመ፤ ብርድ ነው ብለን አሸነው፣
(በድሬ ሙቀት፣ ብርድ!)
ሌሊት አራቴ ሲነሳ "አረጀህ" ብለን ሳቅንበት።
ሲመረመር፣ አጥንቱ ውስጥ ቤት ሠርቶ ልጅ ወልዶበት።
ለዐረፋ በግ ገዝቶ ነበር።
ለዐረፋ አልደረሰም።

ወርዶፋ ደግሞ አለ፣ ገንደ ቆሬ።
የሱ ቁጥር ከኔ ያንሳል፤ አዲስ አበባ ወስደው ቀደዱት፣
"ተገላገልክ" አሉት።
አሁን ጨርቅ ሳይታጠቅ ከበር አይወጣም፤
ጫት ላይ ጥግ ይመርጣል፣ ሲስቅም በልኩ ነው፣ እንዳያመልጠው።
ከሚስቱም ጋር... ይሄን ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ፣ ይቅር።
"ዳንክ ይሉኛል" ይላል፤ "ከምን እንደዳንኩ ማን ያውቃል?
ቢተዉት ምናልባት እስከ ሞቴ ተኝቶ ይኖር ነበር።"
ይኖር ነበር ወይ?
እሱ አያውቅ። ቀዶ የጣለውም አያውቅ።

እኔ ይሄን የማውቀው በብረት ነው።
አንዴ ድምፅ ተጠራጥሬ ፉርጎ አስቀረሁ፤
እግሩን ነቅለው ቢያገላብጡት እንከን የለው፣ እንደ እንቁላል።
ቲማቲሙ በፀሐይ በሰበሰ፣ አለቃዬ ሙሴ ካራፔት ሳምንት ዘጋኝ።
ሌላ ጊዜ "ይደርሳል" ብዬ የለቀቅሁት
ሽንሌ ሳይደርስ ከሐዲድ ወጣ። ሁለት ሰው።
ሲመቱ የሰጡት ድምፅ ግን፣ እምላለሁ፣
አንድ ነበር።

"መርፌ አስገብተን ናሙና እንውሰድ፣ ወይ ሦስት ወር ጠብቀን
ደግመን እናንኳኳ፤ ምርጫው ያንተ ነው" አለችኝ።
ወይ ምርጫ! መዶሻ ለያዘ ሰው ማንም ይሄን ብሎት አያውቅም።
በእግሬ ተመለስኩ፣ በደቻቱ በኩል።
አሸዋ ብቻ ነው፤ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል።
የድሬ ሰው ግን ደረቅ ወንዝ አያምንም።

ወንድሜ ከሐረር ደወለ፤ "እኔም ልመርመር?"
"ሂድ" ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ወርዶፋ ትዝ አለኝ።
"ተው" ልለው፣ ሮብሌ።
"ና፣ ቁጭ ብለን እናውራ" አልኩት።

ማታ መዶሻዬን ከምስማሩ አወረድኩ።
የአልጋውን ብረት ነካሁት፤ ጥርት አለ።
ጉልበቴን ነካሁት፤ ምንም አልመለሰ።
ብርቅነሽ ከጨለማው ውስጥ፣ "አልተኛህም?"
"ነቅቻለሁ" አልኳት።
እንደ ሰው ይሁን እንደ እንስራ፣
አልነገርኳት።